«አንዴ ካስገባሽ በቃ ነው» ላላችሁት ጽሑፍ መልስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው በስልኬ ነው፣ ያው ውጪ እንዳለ ሐበሻ ሁሉ ምሳ ሰዓቴ ላይ። ባለፈው ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ሙሉ ገጽ አንብቤ ነው ይቺን የምጽፈው። ጽሑፉ ጠቅላላው መጥፎ ነው አልልም፣ ፀጉር ተከላውንም አፍንጫውንም በደንብ ነክታችሁታል፣ ግን ጡት ማስተለቅ ላይ፣ ማለትም ኢምፕላንት የሚሉትን በሲሊኮን ወይ በጨው ውሃ የተሞላ ከረጢት ጡት ውስጥ ማስገባቱ ላይ ስትደርሱ ሰው ወደ ውጪ የሚልክ አንድ ደላላ ብጤ አናግራችሁ «አንዴ ካስገባሽ በቃ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው» ያላችሁን እንዳለ አስቀምጣችሁት አልፋችኋል። ሐኪም አልተጠየቀም፣ ያስገባችም ያስወጣችም ሴት አልተጠየቀችም። ከስሩ ደሞ የጉዞ ፓኬጅ ማስታወቂያ አለ፣ ሆቴሉ ትራንስፖርቱ አስተርጓሚው ሁሉ ተጠቃሎ። እንዴ! ማስታወቂያውን መለየት እራሱ እስኪያቅት ድረስ ነው እኮ የተጠጋጋው።

እኔ እዚ አሜሪካ ሜሪላንድ ማሞግራም ክፍል፣ የጡት ኤክስሬይ የሚነሳበት ማለት ነው፣ ነው የምሰራው። ዶክተር አይደለሁም፣ ፎቶውን የማነሳዋ ነኝ፣ ስለዚ ስለ ኦፕራሲዮኑ ላስተምራችሁ አልተነሳሁም እሱ የሰርጀኖቹ ሥራ ነው። ግን ሰርጀኖቹ የሚያዩዋት ሴት ገና አዲሱን ጡቷን በመስታወት እያየች የምትደሰተዋን ነው፣ እኛ ጋ የምትመጣው ደሞ ከስምንት ከአስር ከአስራ አምስት አመት በኋላ ነው፣ ሰርጀኗ ጡረታ ወጥቶ ወይ ክሊኒኩ ተዘግቶ ወይ እሷ አገር ቀይራ። ቲክቶክ ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ነው፣ ሁለተኛውን የሚቀርፅ የለም።

እስቲ ከዚ «ዕድሜ ልክ» ከሚሉት ልጀምር። እዚ አሜሪካ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ የሚቆጣጠረው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚ በኋላ የምጠራቸው አመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባወጣው ሪፖርት ለውበት ካስገቡት ውስጥ እስከ ከ5 አንዷ፣ በካንሰር ጡታቸው ተቆርጦ ለመተካት ካስገቡት ደሞ እስከ ከ2 አንዷ በ10 አመት ውስጥ ማስወጣት ያስፈልጋቸዋል ነው ያለው። ኦክቶበር 2021 ላይ ደሞ ጭራሽ ነገሩን አጠበቀው፣ በእያንዳንዱ ኢምፕላንት መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲገባ አዘዘ፣ ኤፍዲኤ ካሉት የማስጠንቀቂያ ዓይነቶች ከዚ የከበደ የለም። እዛ ሳጥን ውስጥ የሚለው ምንድነው፣ ይሄ ዕቃ ዕድሜ ልክ እንዲቆይ የተሠራ አይደለም፣ በቆየ ቁጥር ችግር የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል፣ ሌላ ኦፕራሲዮንም ሊያስፈልግ ይችላል ነው የሚለው። ሐኪሙም አንድ ቅጽ አውጥቶ ከሴትየዋ ጋር ነጥብ በነጥብ አንብቦ ሳያስፈርማት ኢምፕላንቱ እንዳይሸጥለት ተደረገ። እናንተ ጋ ያለው ሰውዬ እንግዲ ከአምራቾቹ የበለጠ ያውቃል ማለት ነው፣ ዕቃውን የሠሩት እራሳቸው ዕድሜ ልክ አንልም ብለው በወረቀት ጽፈዋል እሱ ግን ይላል።

አንዲት የ23 አመት ልጅ ዛሬ ብታስገባ ስልሳ እስክትሞላ ስንቴ ልትከፈት እንደምትችል እራሳችሁ አስሉት። እያንዳንዱ ኦፕራሲዮን ደሞ የራሱ ሰመመን የራሱ ደም መፍሰስ የራሱ ኢንፌክሽን የራሱ ጠባሳ አለው፣ የራሱ ሂሳብም አለው ሂሳቡን አትርሱ። በቃ አውጥቼ ልተወው ብትልም እንደ ድሮዋ አትሆንም፣ ቆዳው ለአመታት ተለጥጦ ስለኖረ ይሸበሸባል ይወርዳል አንዳንድ ቦታ ይሰረጉዳል። ብዙዎቹ ሲያስወጡ ሌላ የሚያስገቡት ወደውት ሳይሆን ባዶውን ማየት ስለሚከብዳቸው ነው።

አሁን እኔ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። መደበኛ ማሞግራም አራት ፎቶ ነው፣ ለአንዱ ጡት ሁለት ሁለት። ኢምፕላንት ካለ ግን ኤክስሬዩ በተለይ ሲሊኮኑን አያልፈውም፣ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይልና የጡቱን ስጋ ይሸፍነዋል፣ ስለዚ በአራቱ ላይ አራት ይጨመራል። ያንን ተጨማሪውን ስናነሳ ኢምፕላንቱን በእጄ ወደ ደረቷ ግድግዳ ወደኋላ እገፋለሁ፣ ስጋውን ብቻ ወደፊት ስቤ ሰሌዳው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከላይ ያለውን ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ፣ እሷ ትንፋሿን ትይዛለች። ለስላሳ ከሆነ ይሄዳል። ጠጥሮ ከሆነ ግን አይገፋም፣ የቻልኩትን አደርጋለሁ፣ የቀረው ስጋ ግን ሳይታይ ይቀራል፣ ካንሰር ቢኖርበትም አይታይም ማለት ነው። ለዚ ነው አልትራሳውንድ ወይ ኤምአርአይ ድገሚ የሚባሉት። እናቷ ወይ እህቷ በጡት ካንሰር የሞተችባት ሴት ይሄን ሳታውቅ ነው ወይስ አውቃ የምታስገባው? እኔ እንደማየው አብዛኛዎቹ ሳያውቁ ነው።

ቅጹ ላይ «ኢምፕላንት አለሽ ወይ» የሚል ጥያቄ አለ። ፈረንጆቹ አዎ ብለው አመቱን ጽፈው ያልፋሉ። የኛዋ ግን ስትገባ ስሜን ደረቴ ላይ አንብባ በአማርኛ ሰላም ስንባባል መጀመሪያ ደስ ይላታል፣ ከዛ ትዝ ይላትና ፊቷ ይለወጣል፣ ብዕሩን ታነሳና «የለም» ላይ ምልክት ታደርጋለች። ያለንበት ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ እኮ ለሐበሻ ጠባብ ነው፣ ቤተክርስቲያን እንገናኛለን ለቅሶ ቤት እንገናኛለን የልጅ ልደት ላይ እንገናኛለን፣ ስለዚ ትፈራለች። እኔ አንድ ቃል ካፌ ቁጭ ብዬ ብተነፍስ ሥራዬንም ፈቃዴንም ነው የማጣው፣ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ እሷ ግን በዛች ሰዓት ሕግ አይታያትም የሚታያት ወሬው ነው። ለባሏም ያልነገረች አለች። እጄ ሲነካው ግን አውቀዋለሁ፣ የመጀመሪያው ፎቶ ላይም ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ ቀስ ብዬ በሩን ዘግቼ «እህቴ ይሄ ለኔ ምንም አይደለም፣ ለሥራው ነው ንገሪኝ» እላታለሁ። አንዳንዷ ታለቅሳለች። እስቲ ምን ያስለቅሳል፣ ገንዘቧ ሰውነቷ፣ ግን ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። እና እባካችሁ የምታነቡት እህቶች፣ ማሞግራም ለምታነሳችሁ ባለሙያ ሁሉ ንገሩ፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም ሲጫን የሚቀደድ አለ፣ ካወቅን አጫጫናችን ሌላ ነው።

መጠጠሩ ከየት ይመጣል ላላችሁ፣ ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ይከብበዋል፣ ካፕሱል ይሉታል፣ ይሄ በሁሉም ሴት ላይ የሚሆን ነው። ችግሩ በአንዳንዷ ላይ ይሄ ካፕሱል እየወፈረ እየጠበበ መጥቶ ኢምፕላንቱን መጭመቁ ነው። ሐኪሞቹ አራት ደረጃ አላቸው፣ አንደኛው ላይ ምንም አታውቂም፣ ሦስተኛው ላይ ጡቱ ቅርፁ ይቀየራል ወደላይ ይሳባል ስትነኪው ልክ ያልበሰለ ማንጎ፣ አራተኛው ላይ ያምማል፣ በጎን መተኛት የለም ልጅ ማቀፍ የለም። ሰርጀኖች ለሁለተኛ ጊዜ ከሚከፍቱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ማን ላይ እንደሚመጣ ቀድሞ የሚነግርሽ የለም። ማሳጅ አድርጊበት ቫይታሚን ዋጪ የሚሉ የዩቲዩብ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ተዋቸው።

ሌላው መቀደድ ነው። የጨው ውሃ ያለበት ዓይነት ከሆነ ሲቀደድ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፣ አንዱ ጡት ከሌላው ያንሳል፣ ውሃውን ሰውነት ይመጠዋል ታውቂዋለሽ። ሲሊኮኑ ግን ወፍራም ጄል ስለሆነ ተቀዶም እዛው ካፕሱሉ ውስጥ ቁጭ ሊል ይችላል፣ ህመም የለ ቅርፅ አልተለወጠ፣ ሴትየዋ አመታት ልትዞር ትችላለች። ለዚ ነው ኤፍዲኤ ሲሊኮን ያስገባች ሴት ምንም ባይሰማትም ካስገባች ከ5 እስከ 6 አመት ባለው ውስጥ፣ ከዛ በኋላ በየ2 ወይ 3 አመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ትታይ የሚለው። አሁን ይሄን አዲስ አበባ አምጡት። የጡት ኤምአርአይ እንደልብ የሚገኝ ነገር ነው? ቢገኝስ በየሁለት አመቱ ከኪሷ የምትከፍለው ስንቷ ነች? እዚ እንኳ ለውበት ላስገባሽው ነገር ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ምርመራውን አይከፍልም። ፓኬጁ ላይ ዋጋው ተጽፏል፣ የዚ ዋጋ ግን የለም።

አንዲት ልጅ ነበረች። ልጅ ልበላት እንጂ ሰላሳዎቹ ውስጥ ነች። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል ሄዳ አስገብታ ከዛ በዲቪ እዚ መጣች። አንዱ ጡቷ ድንገት አብጦ ሸሚዝ አላስቆልፍ ሲላት ነው ዶክተር ጋ ሄዳ እኛ ጋ የተላከችው። ፎቶውን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው የኢምፕላንቱ ስምና ዓይነት ምንድነው ነው፣ ለስላሳ ነው ሻካራ ነው፣ ካምፓኒው ማነው፣ ቁጥሩ ስንት ነው። የኢምፕላንቱን ካርድ አልሰጡሽም ወይ አልኳት፣ ካርድ የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅም። ስልኳን አወጣችና ከክሊኒኩ አስተባባሪ ጋር የተጻጻፈችውን ቴሌግራም ከፈተች፣ አካውንቱ ጠፍቷል፣ የቀረው የሷ መልእክት ብቻ ነው፣ «እህቴ ሰላም ነሽ፣ እብጠቱ ኖርማል ነው ወይ» እያለች የጻፈችው ተደርድሮ። ሌላ ያላት ወረቀት በቱርክኛ የተጻፈ ደረሰኝ ነው፣ እሱም ላይ የገንዘቡ መጠን እንጂ የዕቃው ስም የለም። እብጠቱ ውስጥ የተቋጠረው ውሃ ተቀድቶ ላቦራቶሪ ተልኮ እግዚአብሔር ይመስገን ክፉው ነገር አልተገኘበትም። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ የኔም ጉዳይ እሱ አይደለም፣ ጉዳዬ ያቺ ትንሽ ካርድ ነች። የመታወቂያ ያህል ነች፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ የአምራቹ ስም ሞዴሉ መጠኑና መለያ ቁጥሩ አለባት።

ካርድ ካርድ የምለው ምን ነካት እንዳትሉኝ የፈረንሳዩን ታሪክ ልንገራችሁ፣ ጋዜጣችሁ ጽፎበት ከሆነ አላየሁም ግን መጻፍ ያለበት ይሄ ነበር። ደቡብ ፈረንሳይ ላ ሴን ሱር ሜር የሚባል ከተማ ፒፕ የሚባል ካምፓኒ ነበር፣ በ1991 ዣን ክሎድ ማስ የሚባል ሰውዬ ያቋቋመው፣ በዓለም ላይ ኢምፕላንት በብዛት ከሚሸጡት አንዱ ሆኖ ነበር። ሰውዬው ለሕክምና የተፈቀደውን ሲሊኮን ትቶ በርካሽ እራሱ የቀመመውን፣ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሲሊኮን ይሞላበት ነበር። የጥራት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው የጀርመን ድርጅት ቲዩቪ ራይንላንድ ለቁጥጥር ሲመጣ ቀኑን ቀድሞ አሳውቆ ነው የሚመጣው፣ የፒፕ ሰዎች ደሞ እስከዛ ወረቀቱንም በርሜሉንም ይደብቃሉ፣ ተቆጣጣሪው ሰነድ አይቶ ይሄዳል። በ2010 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎች ጠርጥረው ሲገቡ ነው የተያዘው፣ ፋብሪካው ተዘጋ። እስከዛ ድረስ ግን ወደ 300 ሺህ የሚሆኑ ሴቶች በ65 አገር አስገብተውታል፣ ፈረንሳይ ብቻ ወደ 30 ሺህ፣ እንግሊዝ ከ40 ሺህ በላይ፣ የቀረው ላቲን አሜሪካና ሌላ ሌላ ቦታ። ዲሴምበር 2011 ላይ የፈረንሳይ መንግሥት ምልክት ባይኖራችሁም ብታስወጡት ይሻላል ብሎ አወጀ፣ ወጪውንም ሸፈነ፣ ምትክ የማስገባቱን ግን የሸፈነው ለካንሰር ታማሚዎቹ ብቻ ነው። እንግሊዝ ደሞ የመንግሥት ሕክምናው በግል ክሊኒክ ላስገቡት ክሊኒካቸው ከተዘጋ ወይ እምቢ ካለ እናወጣለን አለ፣ ሌላ አስገቡልኝ ካልሽ ግን የራስሽ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ክሊኒኮች ምን አሉ፣ እኛም ተታለናል አሉ። አንዳንዱ ከነጭራሹ ከሠረ።

ማርሴይ ላይ በ2013 ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከሳሾቹ ከ5 ሺህ በላይ ስለነበሩ መደበኛው ችሎት አልበቃ ብሎ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው የተከራዩት። ዲሴምበር 2013 ላይ ማስ አራት አመት ተፈረደበት፣ 75 ሺህ ዩሮም ተቀጣ፣ በ2019 ሞተ። ሴቶቹ ግን ካሳ ፍለጋ ከቲዩቪ ጋር ሲካሰሱ ነው አመታት ያለፉት። እንግሊዞቹ በኋላ ባደረጉት ምርመራ ጄሉ መርዝ ነው የሚል ማስረጃ አላገኙበትም፣ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ቢያንስ በእጥፍ ይቀደዳል ብለዋል። የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፣ ያኔ ዜናውን በቴሌቪዥን የሰሙ ስንትና ስንት ሴቶች ውስጣቸው ያለው ፒፕ ይሁን ሌላ አያውቁትም ነበር፣ ክሊኒክ ቢደውሉ ፋይል የለም ይባላሉ። ከዛ በኋላ ነው እንግሊዝ በ2016 የኢምፕላንት መዝገብ ያቋቋመችው፣ ማን ምን እንዳስገባች የሚያዝበት። አሜሪካ በ2018 ተከተለች።

ሁለተኛው ታሪክ ደሞ እዚሁ አሜሪካ ነው። ኢምፕላንት ላዩ ለስላሳ የሆነ አለ፣ ቦታውን እንዳይለቅ ተብሎ ሻካራ የተደረገ አለ። ከሻካራው ጋር የተያያዘ አንድ ካንሰር አለ፣ የጡት ካንሰር አይደለም፣ በኢምፕላንቱ ዙሪያ ካፕሱሉ ላይ የሚነሳ የሊምፎማ፣ የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር፣ ዓይነት ነው። ኤፍዲኤ ግንኙነት ሊኖረው ይችላል ያለው በ2011 ነው። ጁላይ 2019 ላይ በዓለም 573 ታማሚና 33 ሞት ተቆጥሮ ከ573ቱ 481ዱ አለርጋን የሚባለው ካምፓኒ ኢምፕላንት የገባላቸው ሆኑ፣ ባዮሴል የሚባለው ሻካራው ከዓለም ገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ፈረንሳይ ከዛ በፊት አፕሪል ላይ አግዳው ነበር። ቁጥሩ ካስገቡት ሚሊዮኖች አንፃር ትንሽ ነው፣ ይሄን መሸፈን አልፈልግም፣ ምልክት የሌላት ሴትም ሮጣ ታስወጣ አልተባለም። ቶሎ ከተያዘም ኢምፕላንቱና ካፕሱሉ ሲወጣ አብዛኞቹ ይድናሉ። ቶሎ እንዲያዝ ግን ማወቅ አለባት። የሚመጣው ብዙ ጊዜ ካስገባች ከአመታት በኋላ ነው፣ አንዱ ጡት ድንገት ውሃ ይቋጥርና ያብጣል፣ አንዳንዴ እብጠት ወይ ጓል ነገር በእጅ ይዳሰሳል። ከአመታት በኋላ ያበጠ ጡት «ኖርማል ነው» አይባልም፣ ውሃው ተቀድቶ ይመረመራል። እና አለርጋን ያስገቡትን ሴቶች ፈልጎ ለማሳወቅ ሲነሳ አድራሻቸው የጠፋ ስለነበሩ በ2020 በሶሻል ሚዲያ ማስታወቂያ እስከ መልቀቅ ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ከሆነ ኢስታንቡል አስገብታ አዲሳባ የተመለሰችውን ማን ፈልጎ ያገኛታል? በ2022 ደሞ ኤፍዲኤ በጣም ጥቂት ቢሆንም ካፕሱሉ ላይ የሚነሳ ሌላ የካንሰር ዓይነትም ሪፖርት ደርሶኛል ብሎ አስታውቋል፣ እሱ ላይ ለስላሳም ሻካራም አለበት።

ድካም፣ የመገጣጠሚያ ህመም፣ መርሳት፣ የፀጉር መሳሳት ስለሚሉት ሴቶችም አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ሐበሻ ፌስቡክ ግሩፖች ላይ አንዱ ወገን ሲሊኮን መርዝ ነው ይላል ሌላው ውሸታቸውን ነው ይላል። ይሄ ክርክር አዲስ አይደለም፣ በ1992 ኤፍዲኤ ሲሊኮኑን ለውበት እንዳይገባ ከልክሎ እስከ 2006 አልፈቀደም፣ ዳው ኮርኒንግ የሚባለው ትልቅ አምራች በክስ ብዛት በ1995 ኪሳራ አወጀ፣ በ1999 ደሞ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ቡድን ማስረጃውን ሁሉ ገምግሞ ሲሊኮን የመላ ሰውነት በሽታ እንደሚያመጣ የሚያሳይ አላገኘንም፣ ዋናው ችግር እዛው ጡቱ ላይ የሚሆነው ነው አለ። ይሄን ሕመም ይኸው ነው ብሎ የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ግን አስወጥተው ተሻለን የሚሉ ብዙ ሴቶች ስላሉ የ2021 ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገብቷል። አሞኛል ያለችን ሴት አብደሻል ማለት ትክክል አይደለም፣ መርዝ ነው እያሉ ሌላዋን ማስደንገጥም ትክክል አይደለም።

ማጥባትን ጽሑፋችሁ አላነሳውም። አብዛኛዎቹ ደንበኞች ገና ያልወለዱ ልጆች ናቸው። ማጥባት ይቻላል የሚሉት ውሸት አይደለም ብዙዎቹ ያጠባሉ፣ ግን ወተቱ ሊቀንስ ይችላል፣ በተለይ በጡት ጫፉ ዙሪያ ባለው ጥቁሩ ላይ ከተቀደደ ቱቦውም ነርቩም ሊነካ ይችላል፣ የጫፉ ስሜት የሚጠፋባትም አለች። እኛ አገር ያላጠባች እናት ከአማቷ ጀምሮ ስንት እንደምትጠየቅ ታውቃላችሁ። ጠባሳውም እንደዛው ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ያሉት ፎቶዎች የነጭ ሴቶች ናቸው፣ መስመሩ ጠፍቷል። የኛ ቆዳ ኬሎይድ፣ ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ሊያበቅል ይችላል፣ ጆሮዋን ስትበሳ ያበቀለች ልጅ ጡቷ ስርም ሊያበቅልባት እንደሚችል ማንም አልነገራትም። ይሄን ሰርጀኑ ጠይቆ ነበር ማወቅ ያለበት፣ ግን ከሰርጀኑ ጋር የምትገናኘው በኦፕራሲዮኑ ጠዋት ከሆነ ምኑን ይጠይቃታል።

ጉዞውን በተመለከተ ቱርክ መጥፎ ሐኪም ነው ያለው እያልኩ አይደለም፣ በጣም ጎበዞች አሉ፣ እዚም ሰው የሚጎዱ አሉ። ግን ከዚ ከአሜሪካ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለውበት ሄደው ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ የሞቱ 93 የአሜሪካ ዜጎች ተቆጥረዋል፣ ከሞታቸው መንስኤ ብዙው ደም መርጋትና ስብ ወደ ደም ሥር መግባት ነው፣ ብዙዎቹ ስብ ማስመጠጥና መቀመጫ ማስተለቅ የመሳሰሉትን በአንድ ላይ ያሠሩ ናቸው። ፓኬጆቹ ደሞ በዚ ነው የሚያባብሉት፣ «ጡቱን ስታሠሪ ሆድሽን በቅናሽ» እያሉ። በአንድ ቀን አራት አምስት ሰዓት ሰመመን ውስጥ ተኝተሽ፣ ከቀናት በኋላ አውሮፕላን ላይ እግርሽን አጥፈሽ ተቀምጠሽ ነው የምትመለሺው። ቁስሉ ከተመለስሽ በኋላ መግል ቢይዝ ማን ነው የሚያይሽ? አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ያልሠራውን ሥራ ነክቶ መጠየቅ አይፈልግም፣ አልፈርድበትም።

አንድ ነገር እንዳይሳሳትብኝ። ጡቷን በካንሰር አጥታ ለመተካት የምታስገባዋን ሴት እኔ አንድ ቃል አልናገራትም። አገራችን ውስጥ ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች አንደኛው የጡት ነው፣ አብዛኞቹም ዘግይተው ነው የሚመጡት፣ ተርፋ ብራዋ ውስጥ ጨርቅ ጠቅልላ የምትሄድ ሴት ስንት አለች። እዚ አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ጡት ማስቆረጥን የሚሸፍን ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም እንዲሸፍን ሕግ አለ። ለውበት ያደረገችውንም አልወቅስም፣ መጀመሪያ በ1962 ሂዩስተን ላይ ሲሊኮን የገባላት ሴት ቲሚ ጂን ሊንድሲ ጡቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ልታስጠፋ ሄዳ ነው ሐኪሞቹ ይሄንንስ ብንሞክርብሽ ያሏት፣ ማለቴ ሐሳቡ ሁልጊዜ ከሴቷ አይደለም የሚመጣው። አሁንም ሐሳቡን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ስልኳ ነው።

እና የምጠይቃችሁ እንዲ ነው። ቀጣይ ጊዜ እንደዚ ዓይነት ጽሑፍ ስታወጡ ደላላውን አናግሩት፣ ግን ጠይቁት። ምን ካምፓኒ ኢምፕላንት ነው የምታስገቡት፣ ለስላሳ ነው ሻካራ፣ ካርዱን ለሴትየዋ በእጇ ትሰጧታላችሁ ወይ፣ ሰርጀኑን ከመክፈሏ በፊት ታናግረዋለች ወይ፣ ከተመለሰች በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሚያያት ሐኪም ማነው፣ ከአምስት አመት በኋላ ምርመራ የት ታደርጋለች፣ ማስወጣት ቢያስፈልጋት ማን ይከፍላል። መልሱን እንዳለ አትሙት፣ መልስ የለኝም ካለም መልስ የለኝም አለ ብላችሁ አትሙት። ከዛ ደሞ እዛው አዲሳባ ያሉ የፕላስቲክ ሰርጀኖችን ጠይቁ፣ ውጪ የተሠራ ተበላሽቶ ስንቱን እንዳስተካከሉ እነሱ ያውቁታል፣ ጋዜጠኛ ስለማይጠይቃቸው ነው እንጂ ይናገራሉ።

ማስታወቂያውን አታውጡ አልልም፣ ጋዜጣ በምን እንደሚተዳደር ይገባኛል። ከጽሑፉ ግን በመስመር ለዩት፣ «ማስታወቂያ» ብላችሁም ጻፉበት። ለዛች ለተላከችልን ልጅ የክሊኒኩ ወረቀት እንዲገኝ ያገሬ ሰው የሆነች አንዲት ቱርክኛ የምትችል ነርስ ስትደውል ስትደውል ሰንብታለች፣ ይሄን እስክጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ